በዳጉ የዋሸሁበት ክረምት

አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ ግን ሰው ሲጠይቃት “አሥራ ሁለት ልትደፍን ነው” ትል ስለነበር፣ ካምፑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከዕድሜዬ በላይ ይቆጥረኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለማምለጫ አይደለም። ያኔ ሁሉም እንደ ትልቅ ሰው አምነውኝ እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው።

ባለፈው ወር ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚኒባስ ስሄድ፣ ሎጊያን እንዳለፍን መንገድ ሲጠግኑ ደረስን። ሬንጁ በበርሜል ይፈላል። ጭሱ በመስኮት ሲገባ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አፍንጫዋን በሻርፗ ያዘች። እኔ ጉሮሮዬ ላይ የግመል ወተት ጣዕም መጣብኝ። ሬንጅ ሸትቶት የወተት ጣዕም የሚመጣበት ሌላ ሰው ይኖር ይሆን? እኔን ከዚያ ክረምት ወዲህ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚያደርገኝ።

የተወለድኩት አዋሽ ሰባት ነው። አባቴ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እናቴ አስካለ ከወሎ የመጣች፣ ለሾፌሮች ወጥ እየሠራች የምትኖር ሴት ናት። ከአፋር ጎረቤቶቻችን ከነፋጡማ ጋር በአንድ ግቢ ስላደግሁ በአፋርኛና በአማርኛ አንድ ላይ ነው አፌን የፈታሁት። እስከ አምስት ዓመቴ ድረስ ሁለት ቋንቋ መሆናቸውን እንኳ አላውቅም ነበር ይላሉ።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቴ ለእናቴ ሥራ አገኘላት። ከሰመራ ወደ ሰርዶ ሲኬድ ቻይናዎች አዲስ መንገድ ሊቀይሱ ካምፕ ሠርተዋል፤ ለአገራችን ሠራተኞች ምግብ የምታበስል ይፈልጋሉ አለ። እኔንም ይዛኝ ሄደች።

ሐምሌ ላይ የሰመራን ነፋስ ያላየ ሰው ብነግረውም አይገባውም። እናቴ ጠዋት ያጠበችውን ጨርቅ ጨምቃ አስጥታ ዞር እስክትል ደርቆ ይጠብቃታል። የካምፑ ቤቶች ነጭ ናቸው፣ ጣሪያቸው ሰማያዊ። ቤቶቹ ተጭነው በመኪና እንደመጡ ሲነግሩኝ አላመንኩም፤ ቤት እንዴት ይጫናል? አልጋውስ፣ ሰውዬውስ ውስጡ ተኝቶ ነው የመጣው?

ቻይና የምትባለውን አገር ደግሞ ከጅቡቲ ድንበር ኬላ፣ ከገላፊ፣ ቀጥላ ያለች ከተማ ትመስለኝ ነበር። ምን ላድርግ? የእናቴ ቴርሞስ፣ የኔ ላስቲክ ጫማ፣ ብርድ ልብሳችን፣ ሁሉም “የቻይና ነው” ይባላል፤ ሁሉንም አባቴ የሚያመጣው ደግሞ ገላፊ ጉምሩክ ተፈትሾ ነው። ኬላውን ተሻግረሽ ትንሽ ብትሄጂ ቻይና ነዋ።

ከቻይናዎቹ አንዱ ቀያሹ ሚስተር ሊ ነው። የቀን ሠራተኞቹ “ሊቁ” ብለው የአገር ልጅ አደረጉት። ቀጭን ነው፣ ፊቱ በፀሐይ ተልጧል። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ መንገድ ሲሠራ አማርኛ ለቅሟል። ከለቀመው ሁሉ የሚወደው “ችግር የለም” የሚለውን ነው። ሙቀቱ እንዴት ነው? ችግር የለም። ውሃ አልቋል። ችግር የለም። አንድ ቀን ጫማው ውስጥ ጊንጥ ገብታ፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ “ችግር የለም! ችግር የለም!” ሲል እናቴ የያዘችውን ጭልፋ ጥላ እስክትወድቅ ሳቀች።

የኔ ሥራ ቀትር ላይ ሜዳ ላሉት ሻይና ውሃ ማድረስ ነበር። ሊቁ በባለ ሦስት እግሩ መሣሪያ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ ከዚያ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል ያስመታል። አብሮት ዓሊ የሚባለው ዘበኛ ይሄዳል። ዓሊ የአካባቢው ልጅ ነው፣ አማርኛም አፋርኛም ይናገራል፤ ይጠብቃልም ያስተረጉማልም።

ሰው ሲተላለፍ ታዲያ ዳጉ አለ። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ተገናኝቶ “ሰላም ነው?” ብሎ አያልፍም። ቁጭ ይላል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናብ የት ወረደ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋች፤ አንድ በአንድ። ሰሚው አያቋርጥም። ያየውን “አየሁ”፣ የሰማውን “ሰማሁ” ብሎ ነው የሚያደርሰው፤ መጨመር የለ፣ መቀነስ የለ። ስልክ በማይሠራበት አገር ሰው ከብቱን የሚነዳው በዚህ ወሬ ነው። ዝናብ ሳይወርድ ወረደ ያለ ሰው የሌላውን መንጋ ገደለ ማለት ነው።

አባ ሁመድ ፍየሎቻቸውን በዚያ ሜዳ የሚያግዱ ሽማግሌ ናቸው። ሊቁን ባዩ ቁጥር ዱላቸውን አጋድመው ይቀመጡና ዳጉ ይጀምራሉ። ቻይና ነው ብለው አላለፉትም፤ መንገደኛ መንገደኛ ነው።

“ፍየሎችህ ደኅና ናቸው ወይ በለው” ይሉታል ዓሊን።

“ፍየል የለኝም” ይላል ሊቁ።

“ግመልስ?”

“የለም።”

“እናትህስ?”

“እናቴ አለች። ሩቅ። ልጅ አለችኝ። ሁለት ዓመት አላየሁም።”

አባ ሁመድ ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸውን መጠጡ። ፍየል የለው፣ ግመል የለው፣ ልጁን አላየ። “እና አገሩ መንገድ የሚሠራበት መሬት አልቆ ነው እኛ ዘንድ የመጣው?”

ሊቁ ሳቀ። “አገሬ መንገድ ብዙ። አሁን እዚህ።”

“ይህስ መንገድ ለማን ነው?”

“ለመኪና።”

“እኔ መኪና የለኝም” አሉ አባ ሁመድ። ትንሽ አሰቡና ለዓሊ፣ “እሱ ፍየል የለውም፣ እኔ መኪና የለኝም። እኩል ነን በለው” አሉት። በማግስቱ ወተት ይዘውለት መጡ። ለኔም ደረሰኝ። ከኋላችን አሮጌውን መንገድ ለሚጠግኑት ሬንጅ ይፈላ ነበር።

ከሜዳው ዳር የድንጋይ ክምር ነበረ፣ ከኔ ቁመት የሚበልጥ፣ ክብ። የግልገል ማደሪያ መስሎኝ አንድ ቀን ወጣሁበት። አባ ሁመድ ከሩቅ ጠሩኝ።

“ውረጂ አንቺ የአስካለ ልጅ። ልጄ እዚያ ተኝቷል።”

ወርጄ የተኛውን ሰው ፈለግሁ። አጣሁት። ከዚያ ነገሩኝ። ያዮ ይባላል፣ ብቸኛ ወንድ ልጃቸው ነው። በዱብቲ በኩል ግመል ሊያጠጣ ወርዶ አዋሽ ሞልቶ ወሰደው። ሦስት ቀን ፈልገው አግኝተው፣ በግመል ጭነው እዚህ ድረስ አመጡት። ድንጋዩን እሳቸው ናቸው በእጃቸው የካቡት።

“አዋሽ?” አልኳቸው።

“አዋሽ።”

ያን ቀን ሻይውን ሜዳው ላይ ረስቼ ተመለስኩ። አዋሽ የኛ ወንዝ ነው! የኛ ከተማ ስም ነው። እኛ ድልድይ ሥር አልፎ ሄዶ ልጃቸውን ገደለ። ከየት እንደመጣሁ የሚያውቁ ከሆነ እንዴት ወተት ይሰጡኛል? ባየኋቸው ቁጥር ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ ይመስለኝ ጀመር፤ በምን ቃል እንደሆነ ግን አላውቅም።

በነሐሴ መጀመሪያ ነፍሰ ጡሯ የዓሊ ሚስት መውለጃዋ ሳይደርስ ታመመችና ዱብቲ ሆስፒታል ይዟት ሄደ። ሊቁ ወደ ወጥ ቤቱ መጣ። “ሰብለ፣ አንቺ አፋርኛ። ና!” አለ። ለሴት “ነይ” እንደሚባል አያውቅም። እናቴ እጄን በቀሚሷ ጠርጋ ላከችኝ። ኮርቻለሁ። ሁለት ቀን አስተረጎምኩ፤ የፍየል፣ የዝናብ፣ የውሃ ወሬ። አንዲት ቃል አልጣልኩም።

በሦስተኛው ቀን ችካሎቹ ከያዮ መቃብር ፊት ለፊት ደረሱ።

አባ ሁመድ መጥተው ተቀመጡ። እንደ ወትሮው ከየት መጣህ፣ ምን ሰማህ ተባለ። ከዚያ በዱላቸው ችካሉን እያመለከቱ “ይህ እንጨት ወዴት ይሄዳል በይው” አሉኝ።

ሊቁ እጁን ዘርግቶ አሳየ። “በዚህ። ቀጥ።”

“መቃብር አለ እኮ” አልኩት በአማርኛ።

ባርኔጣውን አወለቀ። “አውቃለሁ። ድንጋይ አየሁ። ለሽማግሌ ንገሪ። እኛ እናነሳለን፣ በደንብ። ሌላ ቦታ፣ ጥሩ ቦታ። የኔ መንደር መንገድ መጣ፣ አያቴን አነሳን። እኔ ራሴ ተሸከምኩ። አባቴ አለቀሰ። ከዚያ ችግር የለም።” ወደ አባ ሁመድ እያየ፣ “ጠይቂ። እሺ ነው? እምቢ ነው?” አለ።

የሊቁን አያት በትከሻው ላይ ተቀምጠው ታዩኝ። ሰው ከሞተ በኋላ የሚያወጡት አገር ምን ዓይነት አገር ነው? አባ ሁመድ ደግሞ ፊቴን ይመለከታሉ። ዓይናቸው ዳር ላይ ዝንብ አርፋ አላባረሯትም። እየጠበቁኝ ነው። ወንዛችን የወሰደባቸው አንሶ፣ አሁን ይህን ከኔ አፍ ሊሰሙ ነው?

“ይዞራል አለ” አልኳቸው በአፋርኛ። “መቃብሩን አይነካም።”

አባ ሁመድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። “አልሐምዱሊላህ” አሉ። ከተቀመጡበት ተነሥተው የሊቁን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ እናቱን፣ ሁለት ዓመት ያላያትን ልጁን እየጠሩ ረጅም ምርቃት መረቁት።

“ምን አለ?” አለኝ ሊቁ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

“እሺ አለ” አልኩት።

በጣም ቀላል ነበር። ሁለቱም ደስ አላቸው።

ምንም አላሰብኩም ማለት አልችልም፤ አስቤበት ነበር። መንገዱን የሚመራው ችካሉ ነው ብዬ አመንኩ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሲያርፍ ሄጄ ሁለቱን ችካሎች ነቀልኩና ከክምሩ ወዲያ፣ ራቅ አድርጌ፣ በድንጋይ መታኋቸው። ቀይ ጨርቁንም አስተካከልኩ። አሁን መንገዱ ይዞራል፤ አልዋሸሁም ማለት ነው። በማግስቱ ሊቁ በመሣሪያው አየና “ፍየል! ፍየል!” እያለ ሳቀ። ችካሎቹን ወደ ቦታቸው መለሳቸው። “ችግር የለም።”

ዶዘሩ የደረሰው በሳምንቱ ጠዋት ነው። የውሃ ጀሪካን ይዤ ስሄድ አባ ሁመድ ሲሮጡ አየሁ። ሽማግሌ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ዱላቸው የለም፣ ጫማቸው አንዱ ወድቋል፤ አፋቸው ተከፍቷል፣ ድምፁ ግን በሞተሩ ተውጦ አይሰማም። ድንጋዩ እየተንከባለለ ነበር። የዶዘሩ ሹፌር የሐረርጌ ልጅ ነው፣ የሚቆፍረው ምን እንደሆነ የነገረው የለም። ነጭ ጨርቅ ሲያይ ሞተሩን አጠፋና ዘሎ ወረደ፤ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ፣ እዚያው ቆሞ ቀረ።



ሊቁ እየሮጠ ደረሰ። “ማንሳት ነገ ነበር! ነገ! በእጅ!” ይላል ለሹፌሩ። ከዚያ ወደ አባ ሁመድ ዞሮ፣ “እሺ ብለሃል፣ እሺ ብለሃል” ይላል በአማርኛ። እሳቸው በአፋርኛ ይጮኻሉ፤ “ይህን እጅ ይዤ መረቅኩት! ይህን እጅ!” ዓሊ ገና አልተመለሰም። እዚያ ከነበረው ሰው ሁሉ የሁለቱንም ቋንቋ የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ከውሃ በርሜሉ ኋላ ተቀምጬ ጆሮዬን ያዝኩ።

የአባ ሁመድ ዘመዶች መጥተው ያዮን በአዲስ ጨርቅ ጠቅልለው ወሰዱት።

“ሊቁ ሕፃን መሆንሽን አይቶ አታለለሽ አይደል የኔ ልጅ?” አለችኝ እናቴ፣ ጭንቅላቴን እቅፏ ውስጥ ከታ። በአንገቴ አዎ አልኳት። ይህ ሦስተኛው ውሸቴ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተት የሚሸጥልን ጠፋ። እረኞቹ ካምፑን ዞረው ነው የሚያልፉት። ሊቁን አለቆቹ ከሜዳ ከለከሉት፤ ነጩ ቤት ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ሠራተኞቹም “ሊቁ” ማለት ትተው “ቻይናው” ማለት ጀመሩ። ውሃ ሳሳልፍለት “ሰብለ፣ እሺ ብሏል?” ይለኛል። “ብሏል” እለዋለሁ። ራሱን ይነቀንቃል። እኔን አልጠረጠረም። እስካሁን የሚገርመኝ ይኼ ነው።

በአምስተኛው ቀን አባቴ ከጅቡቲ ሲመለስ መኪናውን አቁሞ ገባ። ገና እጁን ሳይታጠብ “እዚህ ነው እንዴ ነገሩ የተደረገው?” አላት እናቴን። “ገላፊ ወረፋ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ሰመራ አጠገብ ያለ ቻይና የሽማግሌ እጅ ይዞ ዋሸ፣ ሲመረቅ ቆይቶ የልጁን መቃብር አረሰ ይላሉ። ኬላው ሙሉ ወሬው ይኼ ነው።”

ገላፊ!

ገላፊ ከደረሰማ ቻይና ደርሷል። የሊቁ እናት ሰምታለች። ልጁም ሰምታለች። አባቷ ዋሾ ነው ብለው ነግረዋታል። የያዝኩት ሣህን ወደቀ፤ ማልቀስ ስጀምር አባቴ የተሰበረው ሣህን አስፈርቶኝ መሰለውና “ተይው፣ ይገዛል” አለ።

“እኔ ነኝ” አልኩ። “ሊቁ ጠይቂልኝ ነው ያለው። እኔ ነኝ ይዞራል ያልኩት።”

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋው እጇ ላይ እንዳለ ቆመች። ያኔ ያየሁትን ፊት ደግሜ አላየሁም። ቁጣ አልነበረም። አንድ የማታውቃት ልጅ ቤቷ ገብታ የተገኘች ይመስል ነበር የምታየኝ። አልመታችኝም። መትታኝ ቢሆን በወደድኩ።

በማግስቱ ዓሊ ሴት ልጅ ተወልዳለት ተመለሰ፤ እናቴ ደስታውን እንኳ በቅጡ ሳትሰማው ይዛው ተነሣች። እሷ፣ ዓሊ፣ ሊቁና እኔ ወደ አባ ሁመድ ጎጆ ሄድን። ሽማግሌው ደጅ ተቀምጠዋል፣ ሂዱ አላሉንም፣ ተቀመጡም አላሉንም። ተቀመጥን። እናቴ በጣቷ ገፋችኝ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ እሱ ያለውን፣ እኔ ያልኩትን፣ ችካሉን እንዴት እንደነቀልኩ ሁሉ። አባ ሁመድ እንደ ዳጉ ሥርዓት አላቋረጡኝም። ጨርሼ ስቆም አንድ ነገር ጠየቁ።

“ለምን?”

“እንዳያዝኑ ብዬ።”

“እኔ ሕፃን ነኝ?” አሉ።



ሊቁ ዓሊ የሚያስተረጉምለትን እየሰማ ነበር። ሲገባው ጎንበስ ብሎ በጣቱ አሸዋው ላይ መስመር ጫረ፣ ቀጥ ያለ። ከመስመሩ ላይ አንዲት ጠጠር አኖረ። ከዚያ መስመሩን ሰረዘና ጠጠሯ ጋ ሲደርስ ትንሽ የሚታጠፍ ሌላ ጫረ፤ በጣም ትንሽ፣ የክርን ያህል። “እምቢ ካለ፣ እንደዚህ። ቀላል ነበር። ለዚህ ነው የጠየቅሁት።”

ዓሊ አላስተረጎመም። አባ ሁመድ መስመሩን አይተውታል። ሁላችንም አየነው። ጠጠሯ እዚያች መስመር ጎን ምንም ሳትሆን ተቀምጣለች።

“ችግር የለም” ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም።

ወሬው ግን ቀድሞ ሄዷል። ሊቁን በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። አባ ሁመድ ሊሸኙት አልመጡም፤ ፒካፑ ሲያልፍ ፍየሎቻቸውን ከመንገድ ገለል አደረጉ፣ ያን ያህል ነው። ሊቁ በመስኮት እጁን አወጣልኝ። እኔ ማንሳት አቃተኝ።

ጳጉሜን ላይ በአባቴ መኪና አዋሽ ገባን። ገና ዕቃችንን ሳናወርድ ፋጡማ ከግቢው እየሮጠች ወጣች። “አስካለ! እናንተ የነበራችሁበት ያለው ቻይና፣ የሽማግሌ እጅ ይዞ ዋሸ አሉ! እውነት ነው?”

እናቴ የያዘችውን ፌስታል መሬት አኖረች። ቤቷን አልከፈተችም። “ተቀመጪ ፋጡማ” አለቻት፤ እሷም አጠገቧ አቧራው ላይ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ነገረቻት።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ወደ ከብት ተራ ሄደች። አፋርኛዋ ጥቂት ስለሆነ ከሰመራ ሳንነሣ ዓሊ የምትለውን አስጠንቷት ነበር። ከሩቅ የመጡ እረኞች የሚያልፉበት ጥግ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔን ጎኗ ታስቀምጣለች። ሰው ሲመጣ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው ታደርሳለች፣ የሱንም ወሬ ሳታቋርጥ ትሰማለች። ተራዋ ሲደርስ፣ “ሰመራ ያለው ቻይና አልዋሸም፤ የዋሸችው ይህች ልጄ ናት” ትላለች። ከዚያ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ሰውየው እስኪጠይቃት ትጠብቃለች። እስከ ጥምቀት ድረስ ከአንድም ገበያ አልቀረችም።